የተለያየ ኩባንያ ሲስተሞችን ማገናኘት፦ ፋይል፣ ቀጥታ ሊንክ፣ ኤፒአይ ወይስ ሌላ?

ሂሳቡ ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ ነው። ሽያጩና መጋዘኑ አገር ውስጥ በተሠራ ሶፍትዌር ኤስኪውኤል ሰርቨር በሚባል ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ላይ ይሄዳል። የድረ ገጹ ትዕዛዝ ውጭ አገር ያለ ማይኤስኪውኤል የሚባል ሌላ ዳታቤዝ ውስጥ ይገባል። የሠራተኛው አሻራ ደግሞ ከማሽኑ ጋር በመጣች ፕሮግራም አክሰስ ፋይል ውስጥ ይጠራቀማል። አዲስ አበባ ውስጥ መካከለኛ የሚባል አስመጪ ወይም አከፋፋይ ቢሮ ብትገቡ ከዚህ ብዙም የራቀ ነገር አታገኙም። ሁሉም ለብቻው ሲታይ ደህና ይሠራል። ጣጣው የሚመጣው ሥራ አስኪያጁ «ትናንት ስንት ሸጥን፣ ስንት ዕቃ ቀረ፣ ማን ዕዳ አለበት?» ሲሉ ነው፤ ያኔ ሦስት ሰው ኤክሴል ከፍቶ እስከ ማታ ሲገለብጥ ይውላል።

ከዚያ ሻጮች ይመጣሉ። አንዱ ኢንቴግሬሽን ፕላትፎርም (ሲስተሞችን የሚያገናኝ መካከለኛ ሶፍትዌር) ይላል፣ አንዱ በኤፒአይ (ሶፍትዌሩ ራሱ ለሌላ ሲስተም በሚከፍተው በር) እንጨርሰዋለን ይላል፣ ሌላው ሁሉንም ጣሉና የኛን ኢአርፒ (ሂሳቡንም ሽያጩንም መጋዘኑንም የሚይዝ አንድ ሶፍትዌር) ግዙ ይላል። ሦስቱም የሚያዋጡበት ቦታ አለ። የናንተ ቤት ያ ቦታ መሆኑን ግን ሻጩ አይነግራችሁም። ከታች የምርት ስም ስጠራ ለምሳሌ ነው፣ ግዙ ማለቴ አይደለም።

መጀመሪያ መለኪያው

ከሁሉም የሚቀድመው ጥያቄ፦ የእያንዳንዱ መረጃ ባለቤት የትኛው ሲስተም ነው? የደንበኛው ስልክ ቁጥር ፒችትሪ ውስጥም፣ ሽያጩ ውስጥም፣ ድረ ገጹ ላይም አለ። ሦስቱ ሲለያዩ የቱ ይታመናል? ይህን ሳትወስኑ ብታገናኟቸው አንድ ቦታ የነበረው ስህተት በራሱ ሦስት ቦታ ይደርሳል። የደንበኛ ስምና ስልክ ከሽያጩ፣ የዕቃ ብዛት ከመጋዘኑ፣ የዕዳ ሚዛን ከፒችትሪ ተብሎ በአንድ ገጽ ይጻፍ። በኔ እምነት ይህቺ ገጽ ከምትገዙት ሶፍትዌር ሁሉ ትበልጣለች፣ ዋጋዋም የአንድ ከሰዓት ስብሰባ ነው።

ሁለተኛው መዘግየት ነው። ስትጠይቁ ሁሉም ሰው «በቅጽበት» ይላል። እስቲ የትናንቱን ሽያጭ ዛሬ ጠዋት 2፡30 ላይ ቢያዩት ምን ይጎድልብዎታል በሏቸው። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይጎድልም። በቅጽበት የግድ የሚሆነው ሁለት ሰው የመጨረሻዋን አንድ ዕቃ እኩል ሊሸጥ የሚችልበት ቦታና ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ነው። ሌላው ሌሊት አንዴ ቢተላለፍ ይበቃዋል፣ ወጪውም በጣም ይለያያል።

ሦስተኛ፣ የምትፈልጉት ማንበብ ብቻ ነው ወይስ ወደ ሌላው ሲስተም መጻፍም ጭምር? ማንበብ ቢበላሽ የተሳሳተ ሪፖርት ይወጣል፣ ታርሙታላችሁ። መጻፍ ቢበላሽ የተሳሳተ ሂሳብ ነው፣ እሱ ደግሞ ኦዲተር ፊት ይቆማል።

አራተኛ፣ መብራት ወይም ኢንተርኔት ሲሄድ ምን ይሆናል? መሄዱን ሁላችንም እናውቃለን። ዋናው ሲመለስ የሚሆነው ነው። የቀረው በራሱ ይቀጥላል? የተላከው ሁለቴ ይቆጠራል?

አምስተኛ ውሉን አንብቡ። አንዳንድ ሶፍትዌር ሌላ ሲስተም ሲነካው ተጨማሪ ላይሰንስ ይጠይቃል። እኛ አገር ሜታ አቦ ቢራን ይዞ የነበረው ዲያጆ ይህን በደንብ ያውቀዋል። ኩባንያው በሴልስፎርስ (የሽያጭና የደንበኛ ሶፍትዌር) ላይ ያሠራቸውን መተግበሪያዎች ከኤስኤፒ (ኢአርፒ ነው) ጋር አገናኘ። ኤስኤፒ ደግሞ በዚያ በኩል የገባ ሰው ሁሉ ተጠቃሚዬ ነውና ክፈሉኝ ብሎ ከ54 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ጠየቀ፣ የእንግሊዝ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2017 ክፍያው ይገባል ወይ በሚለው ጥያቄ ለኤስኤፒ ፈረደ። የናንተ ውል ያን ያህል ባያስፈራም ማገናኘት የሚለው ቃል ውስጡ ካለ ከመጀመራችሁ በፊት ማየቱ አይከፋም።

የመጨረሻው፦ ማን ይይዘዋል፣ ክፍያው በብር ነው ወይስ በዶላር? በየወሩ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል አገልግሎት እኛ ጋ ከቴክኒክ ጥራቱ በፊት የባንክ ጥያቄ ነው።

በፋይል መለዋወጥ

አንዱ ሲስተም ሌሊት ሲኤስቪ ፋይል (አምዶቹ በኮማ የተለዩ ተራ የጽሑፍ ፋይል) ያወጣል፣ ሌላው ያነሳዋል። በቃ። ሰው ይንቀዋል፣ እኔ ግን ሌላ መንገድ የግድ እስኪሆን ድረስ ከዚህ ጀምሩ እላለሁ። ፒችትሪ ሲኤስቪ ማስገባትና ማስወጣት ይችላል። ሌሎቹም ባብዛኛው ይችላሉ። መብራት ቢጠፋ ፋይሉ እዚያው ይጠብቃል። ሲበላሽም ከፍቶ ማየት ይቻላል፣ ለዚያ ኢንጂነር አያስፈልግም።

የሚያበላሸው በመሃል የሚገባው ኤክሴል ነው። ሰው «እስቲ ልየው» ብሎ ይከፍተዋል፣ ከዚያ ሴቭ ይላል። የስልኩ የመጀመሪያ 0 ይጠፋል። በሁለት ዜሮ የሚጀምር ባለ 10 አሃዝ ቲን 8 አሃዝ ይሆናል። 13 አሃዝ ያለው የባንክ ሂሳብ ቁጥር በአጭር ሳይንሳዊ አጻጻፍ ይቀየርና እንደዚያው ይቀመጣል። ከ15 አሃዝ በላይ ከሆነ ደግሞ ትርፉ ወደ ዜሮ ይለወጣል፣ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ፋይሉ ከማሽን ወደ ማሽን በኤስኤፍቲፒ (ፋይል በተመሰጠረ መንገድ መላኪያ) ይሂድ፣ ሰው ማየት ከፈለገ ቅጂውን ይይ። ፋይሉ መጨረሻ ላይ የመስመር ብዛትና የብር ድምር ይኑርበት፣ ተቀባዩም ድምሩ ካልገጠመ አልቀበልም ይበል። ይህን ያደረገ ቤት በፋይል ብዙ ዓመት ይኖራል።

የኤስኪውኤል ሰርቨር ነፃው ኤክስፕረስ እትም ላይ ከሆናችሁ ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳው ኤጀንት አብሮ አይመጣም። የዊንዶውሱ ታስክ ስኬጁለር ይበቃችኋል።

ዳታቤዝን ከዳታቤዝ በቀጥታ

ዳታቤዞቹ የየራሳቸው ስም አላቸው፦ ኤስኪውኤል ሰርቨር ሊንክድ ሰርቨር ይለዋል፣ ኦራክል ዲቢ ሊንክ፣ ፖስትግሬስ ደግሞ ፎሪን ዳታ ራፐር። የሌላውን ሰንጠረዥ እንደ ራስ ሰንጠረዥ መጠየቅ ማለት ነው። ሲሠራ ደስ ይላል። አንድ ጎበዝ ልጅ በአንድ ቀን ሪፖርት ያወጣላችኋል።

ግን ወጥመዶቹ ብዙ ናቸው። እዚህ ያለውን ትንሽ ሰንጠረዥ እዚያ ካለው ትልቅ ጋር ስታጣምሩ ብዙ ጊዜ ትልቁ እንዳለ በኔትወርኩ ተጎትቶ ይመጣል። ሪፖርቱም ይንቀራፈፋል፣ ያኛው ሲስተም ላይ የሚሠሩት ሰዎችም ይጮኻሉ። ማጣራቱ እዚያው ሩቁ ሰርቨር ላይ እንዲሠራ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ኦፕንኴሪ የሚባለው ለዚህ ነው። ፒችትሪ ዳታውን የሚያስቀምጠው ፐርቬሲቭ በሚባል ዳታቤዝ ስለሆነ በኦዲቢሲ (ፕሮግራሞች የተለያዩ ዳታቤዞችን የሚያነቡበት የጋራ መንገድ) ማንበብ ይቻላል። ሆኖም 64 ቢት የሆነ ኤስኪውኤል ሰርቨር 32 ቢት የሆነ ድራይቨር (የኦዲቢሲ ማገናኛ ፕሮግራም) አይጭንም፣ ይህን ሳያውቅ ቀኑን ሙሉ የሚታገል ሰው አይቻለሁ። ከኦራክል ወደ ኤስኪውኤል ሰርቨር ለመሄድ ደግሞ ጌትዌይ (በሁለቱ መካከል የሚቆም ተርጓሚ ሶፍትዌር) ያስፈልጋል፤ በኦዲቢሲ በኩል የሚሄደው ከዳታቤዙ ጋር ይመጣል፣ ለኤስኪውኤል ሰርቨር ብቻ የተሠራው ለብቻው ይገዛል።

አንድ ነገር ላይ ግን ድርድር የለኝም። የሌላ ኩባንያ ሶፍትዌር ዳታቤዝ ውስጥ በቀጥታ አትጻፉ። አንድ ደረሰኝ ሲገባ ሶፍትዌሩ የደንበኛውን ሚዛን ያስተካክላል፣ የዕቃውን ብዛት ይቀንሳል፣ ጆርናሉን ያንቀሳቅሳል፣ ቀኑ የተዘጋ ወር ውስጥ አለመሆኑን ያያል። እናንተ በኢንሰርት (በዳታቤዙ የማስገቢያ ትዕዛዝ) አንድ መስመር ስትከቱ ይህ ሁሉ ይዘለላል። ችግሩ የሚታየውም ዓመቱ ሲዘጋ ነው። አቅራቢው ደግሞ በሚቀጥለው አፕዴት የአምዱን ስም ቢቀይር ማንንም ማስፈቀድ የለበትም፣ ድጋፍ ስትጠይቁም «ዳታቤዙን ነክታችኋል» ብሎ እጁን ይሰበስባል።

ሌላም አለ። ድረ ገጹ ውጭ አገር ነው ብላችሁ የማይኤስኪውኤሉን በር ለመላው ኢንተርኔት አትክፈቱ። ቪፒኤን (የተመሰጠረ የግል መስመር) ይኑር፣ ወይም ኤፒአይ።

በኤፒአይ

እዚህ ሲስተሙ ራሱ በር ይከፍታል፦ «ትዕዛዝ ስጡኝ፣ እኔ ሕጌን ጠብቄ አስገባዋለሁ» ይላል። ለመጻፍ ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። ገንዘብም እዚህ ይገባል። ቴሌብርን የመሰለ የክፍያ ዘዴ ድረ ገጽ ላይ ስታስገቡ ክፍያው ሲፈጸም ማሳወቂያ ወደ ናንተ ሰርቨር ይላካል። በዚያች ደቂቃ ሰርቨራችሁ ባይኖርስ? ደንበኛው ከፍሏል፣ እናንተ ጋ ግን ትዕዛዙ እንዳልተከፈለ ይታያል። ስለዚህ ከማሳወቂያው ሌላ፣ በየተወሰነ ሰዓት ያልተዘጉትን ትዕዛዞች ሄዶ የሚጠይቅ ሥራ ያስፈልጋል። ማታ ማታም ሁለቱ ወገን ይመሳከሩ።

ተቃራኒውም አለ። ጥያቄ ላካችሁ፣ መልሱ ሳይመጣ ኔትወርኩ ተቋረጠ፣ ፕሮግራሙ ደግሞ ላከ። ሁለት ደረሰኝ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ መለያ ቁጥር ይኑረው፣ ተቀባዩ ያንን ቁጥር ቀድሞ ካየው የመጀመሪያውን መልስ ይመልስ እንጂ እንደገና አይመዝግብ። ሻጩን «አንድ ጥያቄ ሁለቴ ቢደርሳችሁ ምን ታደርጋላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከተንተባተበ መልሱን አግኝታችኋል።

የኤፒአይ ድካሙ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሁሉም የለውም፤ አሮጌ ፒችትሪና የአሻራ ማሽኗ ፕሮግራም ላይ የዛሬውን ዓይነት አትጠብቁ። አገር ውስጥ ካሠራችሁት ሶፍትዌር ላይ ከፈለጋችሁ ግን ውል ስትፈራረሙ አስገቡት፣ በኋላ ሲጠየቅ ይወደዳል። ሁለተኛ፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር በቀጥታ ሲያያዝ ቁጥሩ ያሻቅባል። 5 ሲስተም 10 መስመር ነው። 10 ሲስተም 45 ይሆናል፤ 45 ሽቦ የሚያስታውስ ሰው ደግሞ አንድ ቀን ሥራ ይለቃል።

በመልእክት ወረፋ

ራቢትኤምኪው ወይም ካፍካ የሚባሉት ሶፍትዌሮች ለዚህ ናቸው። ላኪው መልእክቱን ወረፋ ላይ ያስቀምጣል፣ ተቀባዩ ሲመቸው ያነሳል። ቅርንጫፎች ላላቸው፣ ኔትወርኩም ለሚቆራረጥባቸው ይህ በጣም ይስማማል። የሐዋሳው ቅርንጫፍ ኢንተርኔት ሲሄድበት ሽያጩን እዚያው ያስቀምጣል፣ ሲመለስ ይልካል፣ ማንም አይደውልም። ሁለቱም ነፃ ናቸው። ካፍካ ሊንክድኢን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ለሁሉም የተከፈተ ነው፤ የተሠራውም ለእጅግ ብዙ መልእክት ነው። በቀን ጥቂት ሺህ ደረሰኝ ለሚያወጣ ቤት ራቢትኤምኪው ተርፎ ይበቃል፣ ካፍካ ሲቪ ላይ ያምራል እንጂ። እዚህም መልእክት ሁለቴ ሊደርስ ስለሚችል የመለያ ቁጥሩ ነገር አይቀርም። ወረፋው ሲረዝም የሚያይ ሰውም ያስፈልጋል።

ለውጡን ከዳታቤዙ መዝገብ ማንበብ

ደቤዚየም የሚባለው ነፃ መሣሪያ ዳታቤዙ ለራሱ የሚጽፈውን የለውጥ መዝገብ ያነብና የገባውን፣ የተቀየረውን፣ የጠፋውን ሁሉ ያስተላልፋል። ማይኤስኪውኤልን፣ ፖስትግሬስን፣ ኤስኪውኤል ሰርቨርን፣ ኦራክልንም ያውቃል። ባንክ ወይም ትልቅ ሆስፒታል ዋና ሲስተሙን ሳያስጨንቅ ወደ ሪፖርት ማዕከል ዳታ ማፍሰስ ሲፈልግ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ለአነስተኛ ቤት ግን እሱን መከታተሉ ይከብዳል። አንድ ምሳሌ፦ ፖስትግሬስ ላይ አንባቢው፣ ማለትም ደቤዚየም፣ ቆሞ ሳይታወቅ ከቀረ ዳታቤዙ «ገና አላነበበም» ብሎ መዝገቡን ያጠራቅማል፣ ያጠራቅማል፣ ዲስኩ ይሞላል፣ ዋናው ሥራ ይቆማል።

መካከለኛ ሶፍትዌርና ኢአርፒ

ከኤስኪውኤል ሰርቨር የሚከፈልባቸው እትሞች ጋር የሚመጣው ኤስኤስአይኤስ፣ ነፃው አፓቺ ናይፋይ፣ ደብሊውኤስኦ2፣ በውድ በኩል ደግሞ ሚውልሶፍት። ሁሉንም ግንኙነት አንድ ቦታ ሰብስበው ያሳያሉ፣ ይቆጣጠራሉ። ከ10 ሲስተም ወዲያ ሲሆን ያዋጣሉ፤ ለ3 ሲስተም ከገዛችሁ አራተኛ የሚያስጨንቅ ሲስተም ገዛችሁ። ነፃ ስለሆነ ብቻም አትመኑ። ታለንድ ኦፕን ስቱዲዮ ስንቱ ሰው ሥራውን ሠርቶበት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ባለቤቶቹ አቆሙት።

ሁሉንም በአንድ ኢአርፒ ስለመተካት አጭር ቃል፦ ሲስተሞቻችሁ በእርግጥ ያረጁ ከሆነና የሥራ ሂደቱንም ለመቀየር ካሰባችሁ ያስኬዳል። ማገናኘትን ለማምለጥ ብላችሁ ከሆነ ግን አታመልጡም። ባንኩ፣ የክፍያ ዘዴውና የአሻራ ማሽኗ ከኢአርፒው ውጭ ሆነው ይጠብቋችኋል።

የትኛውንም ብትመርጡ፦ ቀንና ፊደል

የውጭ መመሪያ ላይ ይህን አታገኙትም። አንዱ ሲስተም በኢትዮጵያ ቀን፣ ሌላው በፈረንጅ ሲመዘግብ ልዩነቱ የ7 ወይም 8 ዓመት ብቻ አይደለም። የኛን ቀን በዳታቤዝ የቀን ዓይነት ውስጥ የሚከቱ ፕሮግራሞች አሉ። ጳጉሜን ሲመጣ 13ኛ ወር የለም ብሎ ይጥለዋል። ጥቅምት 30 ደግሞ 2ኛ ወር 30ኛ ቀን ስለሚሆን ፌብሩዋሪ 30 መስሎት እምቢ ይላል። በሲስተሞች መካከል የሚተላለፈው ቀን ሁሌም በፈረንጅ ይሁን፣ ወደ ኛ የሚቀየረው ስክሪንና ወረቀት ላይ ብቻ ይሁን። ሰዓትም እንዲሁ። የአሻራ ማሽን በኛ ሰዓት ተሞልቶ ከሆነ ሌላው ሲስተም ጠዋት 2 ሰዓት የገባውን ሰው በሌሊት እንደመጣ ይቆጥረዋል።

ፊደልን በተመለከተ፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ አምዱ ኤንቫርቻር (የሁሉንም ቋንቋ ፊደል የሚይዝ የጽሑፍ ዓይነት) መሆን ሲገባው ቫርቻር ከሆነ አማርኛው ባብዛኛው ጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀመጣል። በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደልን የሚያስቀምጥበት የተለመደ ዘዴ) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ኦራክል ላይ በባይት የተለካ 20 ቦታ «ገብረመድህን» አይበቃውም፣ 21 ይፈልጋል። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለሆነ ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ዳታ ካላችሁ መጀመሪያ ይቀየር። በስም ማመሳሰልማ አይሞከር። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ለኮምፒውተር ሦስት ሰው ናቸው። ለድርጅት ቲን፣ ለግለሰብ ስልክ ወይም የፋይዳ ቁጥር ተጠቀሙ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስላለ ግን የማያስፈልገውን ሁሉ አታስተላልፉ፣ በተለይ አሻራን።

በሠንጠረዥ

| መንገድ | መዘግየት | መጻፍ | ኔትወርክ ሲሄድ | ወጪ | የሚይዘው |
|---|---|---|---|---|---|
| ፋይል | ሰዓታት ወይም አንድ ሌሊት | በሶፍትዌሩ ማስገቢያ በኩል | ይጠብቃል | በጣም ዝቅተኛ | አንድ የአይቲ ሠራተኛ |
| ቀጥታ ሊንክ | የለም ማለት ይቻላል | አይመከርም | ይቆማል | ዝቅተኛ | ዳታቤዝ የሚያውቅ |
| ኤፒአይ | ሰከንዶች | አዎ፣ ትክክለኛው መንገድ | እንደ አሠራሩ | መካከለኛ | ፕሮግራመር |
| ወረፋ | ሰከንዶች፣ ከተቋረጠ እስኪመለስ | አዎ፣ በተቀባዩ ኤፒአይ በኩል | ይጠራቀማል፣ ይቀጥላል | መካከለኛ | ፕሮግራመርና ተከታታይ |
| የለውጥ መዝገብ | ሰከንዶች | ለማንበብ ነው | ይጠራቀማል፣ ዲስክ ይታይ | መካከለኛ፣ የሰው ዋጋው ከፍ ያለ | ልምድ ያለው ቡድን |
| መካከለኛ ሶፍትዌር | እንደ አሠራሩ | አዎ | እንደ አሠራሩ | ከነፃ እስከ በጣም ውድ | የሠለጠነ ቡድን |

ለማን የቱ

በጀት የለም፣ 2 ወይም 3 ሲስተም ነው፣ የሚፈለገው ሪፖርት ነው? በየሌሊቱ ፋይል ወደ አንድ የሪፖርት ዳታቤዝ አፍስሱ። ፒችትሪን ደግሞ በኦዲቢሲ አንብቡ። ሌላ ነገር አትግዙ።

በድረ ገጽ የምትሸጡ ከሆነ የዕቃ ብዛትንና ክፍያን ብቻ በኤፒአይ አድርጉ። የቀረው፣ የቀኑን ሽያጭ ወደ ሂሳብ ማስገባት ጭምር፣ በፋይል ይሂድ። ሒሳብ ሹሟ ፋይሉን አይታ ስታስገባው ስህተት የሚያዝበት ቦታ ይኖራል፣ እሱም አይናቅ።

ቅርንጫፎቻችሁ ክልል ላይ ከሆኑ በጀታችሁን የመልእክት ወረፋ ላይ አውሉት። ባንክ፣ ኢንሹራንስ ወይም ትልቅ ሆስፒታል ከሆናችሁና ኦራክልም ሌላም ካላችሁ፣ ለሪፖርት የለውጥ መዝገቡን፣ ለሥራው ኤፒአይን፣ ሲበዙ መካከለኛ ሶፍትዌርን። ግን ቡድኑን ቅጠሩና ነው ሶፍትዌሩን የምትገዙት፣ ተገላቢጦሹ አይሠራም።

አንድ የአይቲ ሠራተኛ ብቻ ካላችሁ እሱ ነገ ቢሄድ የሚተካው ሰው በሳምንት ውስጥ ሊረዳው የማይችለውን ነገር አትምረጡ፣ ምንም ያህል ቢያምር።

ከሻጭ ጋር ስትቀመጡ ደግሞ እነዚህን በጽሑፍ ጠይቁ፦ የዳታቤዙን ማንበቢያ የይለፍ ቃል ትሰጡናላችሁ? ኤፒአዩ ሲቀየር ከስንት ወር በፊት ታሳውቁናላችሁ? ስህተት ሲፈጠር የት ይጻፋል፣ ለማንስ መልእክት ይደርሰዋል? ስንለያይ ዳታችንን በምን መልክ፣ በስንት ቀን ታስረክቡናላችሁ? መልሱ የውሉ አባሪ ይሁን፤ የቃል «ችግር የለም» ከሆነ ግን የመጨረሻውን ክፍያ ያዙ።